የኅዳር ሚካኤል ብድር

ያን ዓመት ክረምቱ አልወጣ አለ።

መስከረምን ዘነበ፤ ጥቅምትንም ዘነበ። ከሰበታ ወደ ተፍኪ ሲወርዱ ያለው ጥቁር አፈር ውኃ ጠጥቶ ጠገበና ከላይ ያቁር ጀመር። ሽምብራ የዘራ አልበቀለለትም። ጓያው ገና በቅጠሉ በሰበሰ። አዋሽ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ወጣ፤ በሁለተኛው የአንድ ገበሬ፣ የጋሮማን፣ ሦስት በጎችና አንድ ጥጃ ይዞ ሄደ። ተጂ ገበያ ሰው እንጂ እህል አልነበረበትም። ልጆች ሲያስሉ ከረሙ። ሁለት ሽማግሌዎች ሞቱ፤ ጉድጓዱ ውኃ እየሞላ በባልዲ እየተቀዳ ነው የተቀበሩት።

የተረፈው ጤፍ ብቻ ነበር። እሱም ግማሹ ተኝቷል። ኅዳር በገባ በሰባተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች። ሰው ሁሉ ማጭድ ይዞ ወረደ። አራት ቀን ታጨደ። የታጨደው እንዲደርቅ በየማሳው ተዘርግቶ ቀረ። በአሥራ አንደኛው ቀን አመሻሽ ላይ በወንጪ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ማግስቱ ኅዳር ሚካኤል ነበር።

በዚያ አገር በሚካኤል ዕለት መሬት የሚነካ የለም። ማረስ የለም፣ ማጨድ የለም፣ መሰብሰብም የለም። አንድ ሰው በዓሉን ቢሽር በረዶው በእሱ ማሳ ላይ ብቻ አይወርድም፤ መንደሩን ሁሉ ይመታል ይላሉ። ኢተፋም ይላል። አባቱም ይሉ ነበር።

ኢተፋ ያኔ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሁለት ጥማድ መሬት አለው። ወንድ ልጁ አማኑ ሱሉልታ የአሸዋ መኪና ይነዳል፤ ሴት ልጁ ዱርሲቱ ቡራዩ ተድራለች። ቤት የቀሩት እሱና ሚስቱ ወርቅቱ ናቸው። በግቢው ባለችው አንዲት ክፍል ካሣዬ የሚባል ሰው ከሚስቱ ከደመቀችና ከሕፃን ልጁ ከአዶናይ ጋር ተከራይቶ ይኖራል። ካሣዬ ከሆሳዕና በኩል የመጣ ነው። ሰበታ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል። ጴንጤ ነው።

ኢተፋና ካሣዬ በአንድ በር እየገቡ፣ ከአንድ ቧንቧ እየቀዱ፣ ስለ ዓለም ግን በአንድም ነገር ተስማምተው አያውቁም። ካሣዬ ቀን ሁሉ የእግዚአብሔር ነው፣ አንዱ ከሌላው አይበልጥም ይላል። ኢተፋ ይበልጣል ይላል። የካሣዬ ሰዎች እሑድ በዚያች ጠባብ ክፍል ተሰብስበው ሲጸልዩ ድምፃቸው እስከ አስፋልቱ ይሰማል፤ ኢተፋ አንድ ቀን ካሣዬን አስጠርቶ እግዚአብሔር ጆሮው ደህና መሆኑን ነገረው። ካሣዬም በትሕትና፣ ዓይኑም ደህና ስለሆነ ጧፍ ባይበራለት እንደሚያይ መለሰለት። ኢተፋ ሊቆጣ አስቦ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ካሣዬ የኢተፋን የበዓላት መቁጠሪያ አንድ ቅጂ ገዝቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። የሚያምንበት ሆኖ አይደለም። በየትኛው ቀን ግቢ ውስጥ መዶሻ ማንሳት እንደሌለበት ለማወቅ ነው። ኢተፋ ይህን አይቷል።

ያን ዕለት ጠዋት ወርቅቱ ቀድማ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር። ኢተፋ ነጭ ሱሪውን ለብሶ በሩ ላይ ሲደርስ ካሣዬ ከሌሊት ፈረቃ ተመልሶ ቆሞ አገኘው። ዓይኑ ቀልቷል።

«አካም ቡልታኒ፣ ኦቦ» አለ ካሣዬ። ኦሮምኛው ከዚህ የጠዋት ሰላምታ አያልፍም።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ።»

«ሰማዩን አዩት?»

«አየሁት።»

«ከሰዓት ይወርዳል። እኛ ዛሬ ዕረፍት ነን። ከጸሎት ቤት አሥራ አንድ ሰው አለ፣ ከእኔ ጋር አሥራ ሁለት። ጤፉን ወደ ከፍታው አውጥተን እንከምረው?»

ኢተፋ ነጠላውን አስተካክሎ ትከሻው ላይ መስቀለኛ አጣፋ። ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደ። መንሹ፣ ገመዱና ሸራው እዚያ ውስጥ ነው። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በሩ ላይ ሰካና ከፈተው። ከውስጥ ከዘራውን አነሳ። በሩን መልሶ ገጠመው፤ ቁልፉን ግን እንደተሰካ ተወው። ከዚያ ካሣዬን ሳያይ በአጠገቡ አልፎ ወጣ።

ኢተፋ በዕድሜው ሙሉ ቁልፍ ረስቶ አያውቅም።

ታቦቱ ሲወጣ ሰማዩ እንደ ድስት ጥላሸት ሆኗል። ሰው ይዘምራል፣ ዓይኑ ግን ወደ ታች ወደ ማሳው ነው። ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሲበተን ዝናቡ ጀመረ። ማንም መሬት አልነካም። ሁሉም ቤቱ ገብቶ ጣራውን እያዳመጠ ተቀመጠ። ውኃው ሲመሽ መጣ። በነጋታው የጋሮማ ጤፍ አልነበረም፤ የሌሎቹም ሲሦ ሄዷል። የኢተፋ ጤፍ ከፍታው ላይ ተከምሮ፣ ሸራ ለብሶ፣ ዙሪያው በድንጋይ ተጭኖ ቆሟል።

ጋሮማ የኢተፋ የዕድሜ እኩያ ነው። አብረው ከብት ጠብቀዋል፣ በአንድ ዓመት ተድረዋል። ምላሱ ስለት ነው። ክምሩ ሥር መጥቶ ብዙ ቆመ።

«ማን ከመረው?» አለ።

«እነ ካሣዬ።»

«በሚካኤል ዕለት?»

«በሚካኤል ዕለት።»

«አንተ እያወቅህ?»

ኢተፋ የሸራውን ጫፍ እያስተካከለ፣ «እኔ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ» አለ።

ውሸት አልተናገረም። ጋሮማም ሌላ አልጠየቀም። ወሬው ግን ከዚያ ተነሳ። ጴንጤዎቹ ሽማግሌው ቤተ ክርስቲያን ሄዶላቸው በመሬቱ ላይ ሚካኤልን ሻሩ ተባለ። በሚቀጥለው ሰኔ በረዶ መጥቶ የሰውን ጎመንና ድንች ሲመታ የካሣዬ ስም ተነሳ። ወፍጮ ቤት ደመቀች ተራዋን ይዛ እያለ ሴቶቹ እያለፏት ይገቡ ጀመር። ካሣዬ አንድ ቀን እንኳ፣ ጠይቄው ነበር፣ ሰምቶኝ ነው የሄደው፣ አላለም። ለማንም አላለም።

ኢተፋ ክፉ ሰው አይደለም። ጤፉ ሲወቃ ለጋሮማና ውኃ ለወሰደባቸው ለሌሎች አራት ቤቶች ዘር ሰፍሮ ሰጠ። ለነፍስ አባቱም ሁሉን ነገራቸው። እሳቸው ስግደት አዘዙትና፣ ይኸኛው ያንተና የእግዚአብሔር ነው፣ የሰውን ከሰው ጋር ጨርስ አሉት። ስግደቱን ሰገደ። የሰውን አልጨረሰም።

በዚያ አገር አንድ ሰው ማሳህ ላይ አንድ ቀን ከዋለ አንተም የእሱ ማሳ ላይ አንድ ቀን ትውላለህ። ወንፈል ይሉታል። የሚጽፈው የለም፤ የሚረሳውም የለም። ኢተፋ ደግሞ ከአባቱ የወረሰው የራሱ ሕግ አለው። የሰው ጉልበት ተበድሮ ያልመለሰ ሰው፣ እስኪመልስ ድረስ ሌላ ሰው አይጠራም። አሥራ ሁለት ሰው አለብኝ ብሎ ቆጠረ። ስለዚህ ከዚያ ዓመት ወዲህ ወንፈል መጥራት ተወ። እሱና ወርቅቱ ብቻቸውን ያጭዳሉ። ሲያቅታቸው የቀን ሠራተኛ ይቀጥራሉ። ወርቅቱ ምክንያቱን ታውቃለች፤ ትነቅፈዋለች እንጂ አትጠይቀውም።

ለመመለስ ሞክሯል። መጀመሪያ ካሣዬን፣ የጉልበት ብድርህን ልመልስ አለው። ካሣዬ ማሳ የለውም። ሥራው ፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካ ደግሞ በእሱ ፈንታ ሽማግሌ ልኮ የሚውልበት ቦታ አይደለም። ኢተፋ ለፋሲካ በግ ላከለት። ካሣዬ በጉን አመስግኖ ተቀበለና ለመስቀል ከሆሳዕና አንድ ሸክም ቆጮና አንድ ገንቦ ቅቤ አስመጥቶ መለሰ። ኢተፋ አንድ ኩንታል ጤፍ ላከ። ካሣዬ ከጸሎት ቤቱ ችግረኞች ለስድስቱ አከፋፈለውና የስድስቱን ቤት ምርቃት ይዞለት መጣ። ወርቅቱ እስኪያማት ሳቀች። ይሄ ሰውዬ ሳትሞት አይለቅህም፣ በከፈልከው ቁጥር ይጨምርብሃል አለችው።

አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። ኢተፋ ሰባ ሁለት ሞላው። ዘንድሮ አጨዳው አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ ጉልበቱ ዳገት መውጣት እምቢ አለ። ወርቅቱ መሬቱን ለእኩል እንስጠው ብላ አንድ ጊዜ ተናገረች። ሁለተኛ አልተናገረችም፤ ፊቱን አይታለች።

በዚያው ጥር ካሣዬ በመንደሩ ጥግ ትንሽ ቦታ አግኝቶ ቤት ይሠራ ጀመር። የባሕር ዛፉ ምሰሶ ቆመ፣ ማገሩ ተመታ፣ ጣራው ቆርቆሮ ለበሰ። የቀረው ጭቃው ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ውኃ ጠጥቶ እንዲበስል ተደረገ። ኢተፋ ይህን ከግቢው ሆኖ ሲያይ ሰነበተና አንድ ቀን ከዘራውን ይዞ ሄደ።

ካሣዬ ማገር ላይ ምስማር እየመታ ነበር። ወርዶ እጁን ጠራርጎ ሰላም አለው።

ኢተፋ ነገር አላበዛም። ጭቃውን እኔ እችለዋለሁ፣ አሥራ ሁለት ሰው አለብኝ አለ።

«ኦቦ ኢተፋ፣ አንቱ እኮ አልጠሩንም» አለ ካሣዬ። «እኛ ነን የሄድነው። ያልተጠራ ሰው ምን ብድር አለው? ለጌታ ብለን ያደረግነው ነው።»

«መሣሪያውን ከየት አመጣችሁት?»

«ዕቃ ቤቱ ክፍት ነበር። ቁልፉን ረስተውት ሄደው ነበር።»

ይህን ሲል ካሣዬ መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው። ኢተፋ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባው። ይህ ሰው ያውቃል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃል። የሽማግሌውን ስም ለመጠበቅ ብሎ አራት ዓመት ስድቡን ተሸክሟል፤ አሁንም መውጫ ሰጥቶት ቆሟል። ቁልፉን ረስተው ነው። እሺ ብሎ መሄድ ነው እንግዲህ የቀረው።

ኢተፋ ጭቃው መቼ እንደሚመረግ ብቻ ጠየቀ። ካሣዬ ሐሙስ ዕረፍቱ መሆኑንና የጸሎት ቤቱ ሰዎች በዚያ ቀን እንደሚመጡ ነገረው። ኢተፋ በልቡ ቆጠረ። ሐሙስ ጥር ሃያ አንድ ነው፤ አስተርእዮ ማርያም። እሱ የማይሆን ነው።

እሑድ የእድር ቀን ነበር። ካሣዬ በመንደሩ ቤት ስለሠራ እድር እንዲያስገቡት አመልክቷል። እድር የሌለው ሰው ሬሳውን ማን እንደሚያነሳለት አይታወቅም፤ ለአገሩ እንግዳ ለሆነ ሰው ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ካሣዬ ኮት ለብሶ መጣ፤ ጥያቄውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረ። የእድሩ ዳኛ እንመካከርበት፣ ውጭ ቆይ አሉት። ወጥቶ ከአጥሩ ማዶ መንገዱ ዳር ቆመ።

ቆሎው ዞረ። ከዚያ ጋሮማ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ሰውዬውን አልጠላውም» አለ። «ሰላምተኛ ነው፣ አይሰክርም፣ አይሰርቅም። ግን ነገ የእኔ ቀብር በሚካኤል ቢውል፣ ይሄ ሰውዬ መዶሻ ይዞ ጣራ ላይ ነው የሚገኘው።»

ሰው ሳቀ። ጋሮማ ሲስቁለት ይጨምራል። በሰው መሬት ላይ፣ ባለቤቱ በሌለበት፣ በዚያ ትልቅ ቀን መንሽ ያነሳ ሰው በእኛ መካከል ምን ያደርጋል አለ። ሁለት ሦስት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ዳኛው ወደ ኢተፋ ዞሩ። በግቢህ ያለ ሰው ነው፣ አንተ ምን ትላለህ አሉት።

ኢተፋ ከዘራውን ተመርኩዞ ተነሳ። ኮፍያውን አወለቀ። የመንደሩን ሰው አንድ በአንድ አየ። አብዛኞቹን ከነአባቶቻቸው ያውቃቸዋል።

«ባለቤቱ በሌለበት አይደለም» አለ። «ጠይቆኛል። ጠዋት በሬ ላይ ቆሞ፣ ጤፉን እንከምረው ወይ አለኝ። አትንኩ አላልኩም። ዕቃ ቤቱን ከፍቼ ቁልፉን በሩ ላይ ትቼ ወጣሁ። አልረሳሁትም። ለእሱ ቀኑ በዓል አልነበረም፤ ለእኔ ነበር። በዓሉን የሻርኩት እኔ ነኝ።»

ቆሎ የሚቆረጥም አልነበረም።

«ዱጋ ነው የምትለው?» አለ ጋሮማ።

«እውነቴን ነው።»

«አራት ዓመት?»

«አራት ዓመት።»

«ያንን ሰውዬ ስሰድበው አንተ እዚሁ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ቆሎ ትበላ ነበር።»

«እበላ ነበር።»

ጋሮማ ፊቱ ቀላ። የእኔ ጤፍ በውኃ ሲሄድ እኔ በዓል አክብሬ ቤቴ ተቀምጬ ነበር አለ። ኢተፋ አውቃለሁ አለው። ታዲያ ተጸጽተሃል ወይ ብሎ ጠየቀው።

«ጤፉን በመብላቴ አልተጸጸትኩም። ያንተም ዘር ከዚያው ወጥቷል። ዝም በማለቴ ነው። እኔ ያንን ቀን ከእግዚአብሔር ጋር ጨርሻለሁ። ከዚህ ሰው ጋር ግን አልጨረስኩም። አሥራ ሁለት ሆነው ለእኔ አንድ ቀን ዋሉ። እኔ አንድ ሰው ነኝ። አሥራ አንድ ሰው አበድሩኝ። ረቡዕ የካሣዬ ቤት ጭቃ ነው።»

ዳኛው ጉንጫቸውን አሹ። ከኋላ አንዱ፣ ለጴንጤ ቤት ነው ወይ ብሎ አጉረመረመ። ኢተፋ ዞር ብሎ፣ ቤቱ የካሣዬ ነው፣ ካሣዬ ጴንጤ ነው፣ ብድሩ የእኔ ነው አለና ኮፍያውን አጠለቀ።

«እኛስ ብናበድርህ መቼ ልትመልስ ነው?» አለ ጋሮማ። «ሰባ ሁለት ዓመትህ ነው።»

«አንተን አስቀድማለሁ። አንተ ታመህ ነው የምትከርመው።»

ይህን ጊዜ ዳኛው ራሳቸው ሳቁ። ስለ ካሣዬ የሚቃወም እንዳለ ጠየቁ። አልነበረም። ካሣዬን ጠርተው ስሙን መዝገቡ ላይ አሰፈሩ። ካሣዬ ለምን ሰው ሁሉ እንደዚያ እንደሚያየው አልገባውም፤ አመስግኖ ተቀመጠ።

ሰኞ ኢተፋ ደመቀችን ለብቻዋ አገኛት። ረቡዕ ጠዋት ባሏ ፈረቃ ሲገባ እንደሚመጡ ነገራት። ደመቀች ካሣዬ እንደሚቆጣ ነገረችው። ይቆጣ አላት። እሷም በአገሯ በሐድያም አባቷ የሰው ጉልበት ሳይመልሱ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው፣ አንድ ጎረቤታቸው አትመልስልኝ ብሎ ድርቅ ሲልባቸው አባቷ ሰላምታ እንደነሱት አጫወተችው። ባሏ የከተማ ልጅ ስለሆነ ይህን አያውቅም።

«እሺ አባባ፣ ኑ» አለች። «እኔ አልነግረውም።»

ረቡዕ ጠዋት በአንድ ሰዓት ኢተፋ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጭቃው ጉድጓድ ዳር ቆመ። አማኑ ከሱሉልታ መጥቷል። ከዚያ አንድ አንድ እያሉ መጡ። አንዱ አካፋ፣ አንዱ ባልዲ፣ አንዱ ባዶ እጁን። ኢተፋ ራሱን ጨምሮ ይቆጥራል። አሥራ አንድ ሆኑ። ሁለት ሰዓት ሆነ። አሥራ አንድ ናቸው። ኢተፋ፣ እንጀምር፣ አንዱን ከነገ ወዲያ ከራሴ እጨምራለሁ አለና ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ጭቃው በደንብ በስሏል፤ ጭዱ ለስልሶ ከአፈሩ ጋር አንድ ሆኗል። መርገጥ ጀመሩ።

ጋሮማ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ጫማውን አውልቆ በአጥሩ ላይ ሰቀለ።

«ለአንተ አልመጣሁም» አለ ኢተፋን። «ላማሁት ሰው ነው የመጣሁት።»

«ለማንም ና። ግባ።»

ገባ። አሥራ ሁለት ሆኑ።

ስድስቱ ይረግጣሉ፣ ሦስቱ ያመላልሳሉ፣ ሦስቱ ይመርጋሉ። የሚመርግ ሰው ጭቃውን በሁለት እጁ አፍሶ ማገሩ ላይ በኃይል ይመታዋል፤ ከዚያ በመዳፉ ያስተካክለዋል። ጋሮማ መራጊ ነው፤ እጁ እንደ ምላሱ አይደለም፣ ልስልስ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ የፊት ለፊቱ ግድግዳ እስከ ወገብ ደረሰ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ደመቀች ትሪ ይዛ ወጣች። ሽሮና ጥቅል ጎመን በዘይት ሠርታለች፤ ረቡዕ መሆኑን አውቃ ቅቤ አላስነካችም። ጥላው ሥር አስቀመጠችና ጠራቻቸው። ማንም አልመጣም። አመስግነው ሥራቸውን ቀጠሉ። ደመቀች ትንሽ ጠበቀች። ሁለተኛ ጠራች። አንዱ ቆይ አላት፣ ሌላው ሰማ እንዳልሰማ ሆነ። ትሪውን ሸፍና ወደ ውስጥ ገባች።

ኢተፋ አይቷታል። ፊቷን ሲያይ የሆነውን አወቀ። እጁን ሳይታጠብ ወደ በሩ ሄደ። ደመቀች ባልተመረገው ግድግዳ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«ልጄ፣ ረቡዕ ነው» አላት። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አንቀምስም።»

«ቅቤ እኮ የለውም፣ አባባ።»

«አውቄያለሁ፤ ሽታውን ሰምተናል። ምግቡ አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። እናንተ ጾም ስትሉ ሌላ ነው፣ እኛ ስንል ሌላ ነው።»

ደመቀች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «እኔ የጴንጤ እጅ ተጸየፉ ብዬ ነው።»

ማገሩ ክፍት ስለሆነ ከውጭ ሁሉ ይሰማል። ጋሮማ እጁ ጭቃ እንደያዘ አንገቱን በማገሩ መካከል አስገባ።

«ኧረ ርቦናል፣ ልጄ» አለ። «ስልክ ካለሽ ሰዓቱን እየጮኽሽ ንገሪን። ይሄ ሽማግሌ ሊያታልለን ይችላል፤ ልማድ አለበት።»

ደመቀች ሳቀች። ከዚያ ወዲያ በየግማሽ ሰዓቱ እየወጣች ሰዓቱን ትናገራለች፤ እነሱም እንደ ልጅ ይቆጥራሉ። ዘጠኝ ሲሆን እግራቸውን ታጥበው ተቀመጡ። ትሪው ሦስት ጊዜ ተሞላ። ጋሮማ ጎመኑን ጠይቆ ደገመ። ከመብላታቸው በፊት ደመቀች ቆማ ጸለየች፤ ጸሎቷ ረዘመ፣ እነሱም አማተቡ እንጂ አላጣደፏትም። በልተው ሲጨርሱ ወደ ጭቃው ተመለሱ።

ካሣዬ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከአስፋልቱ ሲወርድ ቤቱን አላወቀውም። አራቱም ግድግዳ በውጭ በኩል ከሥር እስከ ጫፍ ተመርጓል። ጭቃው ገና እርጥብ ነው፤ የእጅ አሻራ ይታይበታል። ደጁ ላይ አሥራ ሁለት ሽማግሌና ጎልማሳ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ተቀምጠዋል። ምሳ ዕቃውን እንደያዘ ቆመ።

«ምን ሆነ?» አለ።

ጋሮማ ነው የነገረው። እድር ላይ የተባለውን ሁሉ፣ ቁልፉን፣ አራቱን ዓመት፣ የራሱንም ስድብ ሳይቀር ነገረው። ሲጨርስ፣ እኔም በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ አለ። ካሣዬ እጁን ዘረጋና የጋሮማን ጭቃ እጅ ያዘ። ከዚያ ወደ ኢተፋ ዞረ።

«ለምን ተናገሩ፣ ኦቦ? እኔ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።»

«ለዚያ ነው የተናገርኩት።»

«ነገ እኮ እኛ ልንመርገው ነበር።»

«ነገ ማርያም ናት፤ እኔ አልችልም። ውስጡን ተውንላችሁ። ሰዎችህ ይምጡና ውስጡን ይምረጉ።»

«ማርያም ላይ ስንሠራ ቅር አይልዎትም?»

«ይለኛል። በዚህ በኩል ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አይቼ ቅር ይለኛል። ብቻ ጥሩ አድርጋችሁ ምረጉት።»

ካሣዬ ሳቀ። ሳቁ ወዲያው ጠፋ። ግድግዳውን አየ፣ ሰዎቹን አየ።

«እኔ አሁንም ብድር ነበረብዎት አልልም» አለ። «ስጦታ ነበር።»

«አንተ እንደዚያ ታያለህ። እኔ እንደዚህ አያለሁ። ግድግዳው ግን ተመርጓል።» ኢተፋ ከድንጋዩ ላይ በጋሮማ ትከሻ ተደግፎ ተነሳ። «ብድሬ ደረሰኝ በል።»

የተቀመጡት ሁሉ ካሣዬን ያያሉ። ደመቀች ከበሩ ላይ ሆና በዓይኗ ታዘዋለች። ካሣዬ ምሳ ዕቃውን መሬት ላይ አስቀመጠ። በሁለት እጁ የሽማግሌውን እጅ ይዞ ዝቅ አለ።

«ደረሰኝ፣ ኦቦ» አለ። «የአሥራ ሁለቱም ደርሶናል።»

«ገሪዳ፣ መልካም ነው» አለ ኢተፋ።